ባቡሩና ቄሱ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ዛሬም ተሸነፍኩ። ዳኛችን የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ነበር። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነው የገባው፤ እንዲህ ያለ ፒያኖ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ይልማ ቄሱን አሰማው፣ እኔ ባቡሩን አሰማሁት፣ ሁለታችንም ተሟገትን። ሰውዬው ማኪያቶውን ጨለጠና ለቄሱ ፈረደ። ምክንያት ስጥ ስለው፣ የኔ ተጫዋች አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ይመስላል አለኝ። ይልማ እስኪያስለው ሳቀ።

አዲስ ደብተር ነህና ከሥር ልንገርህ። የባለፈው አልቆ ትናንት ነው የገዛሁህ። ሽፋንህ ላይ እግር ኳስ ተጫዋች አለ፤ ይቅር ብዬሃለሁ።

ይልማ ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ ነው። እኔ ተካልኝ፣ ፒያኖ ቃኚ። ሁለታችንም የአራዳ ልጆች፣ ሁለታችንም ሽማግሎች። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ክርክር አለን፦ ከዓለም ታላቁ የክላሲክ ፒያኖ ተጫዋች ማን ነው? ሌላው ሕዝብ በዚህ ጉዳይ በስም ይሟገታል። እኛ ስም የለንም። ያለን ሁለት ካሴት ነው። ሁለቱንም የቀዳልን እዚሁ ፒያሳ የነበረ ሙዚቃ ቤት ሲሆን ባለቤቱ የተጫዋች ስም ግድ አይሰጠውም ነበር። በእስክሪብቶ "ፒያኖ ቁ. 1"፣ "ፒያኖ ቁ. 2" ብሎ ጽፎ አስረከበን። ቁ. 1 የኔ ነው። ይፈጥናል፣ ያበራል። ባቡሩ አልነው። ቁ. 2 የይልማ ነው። ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ አንዲት ድምፅ ሳያከብር አይጥልም። ቄሱ አልነው።

ደንብ አለን። ማክ. እና ቅዳ.፣ ከ9 ሰዓት ጀምሮ፣ ሙኒራ ካፌ። ከኛ በኋላ መጀመሪያ የገባ ሰው ዳኛ ነው፤ የድሮ ሰው መንገደኛ አስቁሞ "ዳኘን" ይል እንደነበረው። ሙኒራ ሬዲዮዋን ትዘጋለች። ይልማ ቆሞ ይናገራል፣ ነጠላውን እያጣፋ፣ በላ ልበልሃ እያለ። አንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ ፈርዶልኛል። ፍርዱን በወረቀት አስፈርሜ አስቀምጫለሁ።

ይልማ ቤቱ ፈርሶ ገላን ኮንዶሚኒየም ከደረሰው ወዲህ የሚመጣው በሁለት አውቶቡስ ነው። ለዚህ ክርክር ብቻ። ፒያሳ ሌላ የሚያመጣው አልቀረውም። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሣር ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ቆሟል። ቁጭ በልበት እንጂ ስለው እምቢ ብሎኛል። ሰው ሳሎኑ ውስጥ ደጅ ላይ እንዳለ ሆኖ አይቀመጥም አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት

ብርድ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ። እኔ የማየው የራሴን ነው፣ ጣቶቼ ላይ።

ሥራ የለም። ከሰኔ ወዲህ አንድ ፒያኖ አልነካሁም። ሆቴሎቹ ኪቦርድ ገዝተዋል። ኪቦርድ አይቃኝም፤ ይሰካል።

ሥራ ሳጣ ሹካዬን እወለውላለሁ። ሁለት ጣት ያላት ብረት ናት። ጉልበትህ ላይ መታ ስታደርጋት "ላ" ትላለች፤ ከዚያች "ላ" ተነስተህ ሌላውን ሽቦ ሁሉ ታስተካክላለህ። ቃኚ ያለ ሹካ ምንም ነው። የመጀመሪያዬን የሰጠኝ ሙያውን ያስተማረኝ አርመናዊ ሽማግሌ ነበር። እሱ በሞተ በዓመቱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቦርሳዬን ከነሹካዋ መነተፉኝ። ሌባው ምን እንዳደረጋት እንጃ። አገር ውስጥ ሌላ አልተገኘም። ወራት እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ብልሃት መጣልኝ። በዚህ ብልሃት ዕድሜዬን ሙሉ ኮርቻለሁ፣ ይልማም ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፣ አንተም ስማ። የባቡሩ ካሴት ላይ የመጀመሪያው ሙዚቃ የሚያልቀው በ"ላ" ነው። አርመናዊው ራሱ ያስጠናኝ ሙዚቃ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ነበር። ቴፔን ተሸክሜ ሄድኩ። እሱ ብረት ይሞርዳል፣ እኔ ካሴቱን አጠነጥናለሁ፣ የመጨረሻዋን ድምፅ እናዳምጣለን፣ ገና ነው እላለሁ፣ እንደገና ይሞርዳል። ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ሹካዋና ባቡሩ አንድ ድምፅ ሆኑ። ሰው ፊት አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ የቃኘሁት ፒያኖ ሁሉ "ላ" የሚለው ባቡሩ እንዳለው ነው። ስለዚህ ስከራከርለት የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አለቃዬ ነው።

ከሰዓት፦ ስልክ ተደወለ። ቤዛ የምትባል አስተማሪ። አራት ኪሎ የሕፃናት ሙዚቃ ት/ቤት ከፍታለች። አዲስ ፒያኖ ከውጭ መጥቶላታል፣ መንገድ ላይ ተነቃንቆ እንደሆነ ይዩልኝ አለች። ሰኞ እሄዳለሁ። አዲስ ፒያኖ! ከማሸጊያው የወጣ ፒያኖ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ክርክሩ ተበላሸ። ገና ሳንጀምር ትዕግሥት፣ የይልማ ልጅ፣ ደወለችለት። የእናቷ ሙት ዓመት ኅዳር 8 ነው፣ ዘንድሮ እሑድ ይውላል፣ ትመጣለህ ወይ ብላ። አልመጣም አላት። ስድስት ዓመት ሙሉ አልሄደም።

ዘግቶ ሲያበቃ ያንኑ የድሮውን ተናገረ። ፒያኖዬን የገደለችው እሷ ናት።

ደብተሬ፣ ይኸውልህ። ይልማ አባቱ ከአንድ ጣልያን የገዙት ፒያኖ ነበረው። ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም፣ ጥቁር፣ ሻማ መሰኪያ ያለው። በዓመት ሁለት ጊዜ እኔ ነበርኩ የምቃኝለት። ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት በነሐሴ፣ በቀን ብርሃን፣ ውስጡ ያለው ብረት፣ ሽቦዎቹን ሁሉ ተወጥሮ የሚሸከመው፣ ጥይት በሚመስል ድምፅ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጎረቤት ወጣ። ብረቱ አይበየድም፣ አይተካም። ሚስቱ አስካለ በክረምት ግቢው ጭቃ ሲሆን ልብስ የምታሰጣው እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ይልማ የተሰጣውን እርጥብ አንሶላ አየ፣ የተሰነጠቀውን ብረት አየ፣ ፈረደ።

አልፈታትም። አልጮኸባትም። ዝም አላት። ጨው ሲፈልግ እንኳ በልጅቷ በኩል ነበር። አራት ዓመት እንዲሁ ኖረው ሞተች።

ዛሬ የገባው ዳኛ ይልማ ሲያወራ ሰምቶ ፍርድ ሳይሰጥ ወጣ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከቀኑ 10 ሰዓት

እንደገባሁ ሳልቀመጥ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ይቅር በለኝ።

የቤዛ ፒያኖ ያምራል። ሹካዬን ጉልበቴ ላይ መታሁ፣ "ላ"ን ነካሁ። ፒያኖው ዝቅ አለ። ትንሽ አይደለም፣ አንድ ቁልፍ ሙሉ፣ ግማሽ ድምፅ። ሌላውን ነካሁ። ሁሉም እኩል ዝቅ ብሏል። ጭነት እንዲህ አያደርግም። ጭነት ያዘበራርቃል እንጂ ሁሉንም በአንድ ልክ አያወርድም። ይህን እያወቅኩ ፋብሪካው አጭበርብሮሻል አልኳት። ልጅቱ ጨዋ ናት። ስልኳን አወጣች፣ ድምፅ የሚለካ ነገር አለው፣ ፒያኖውን አስለካችው። ትክክል ነው አለ። ቀጥላ እጇን ዘረጋች።

"ጋሽ ተካልኝ፣ እስቲ ሹካዎን ይምቱልኝ።"

መታሁ። ስልኩ "ላ" አላለም። "ሲ ቤሞል" አለ፤ ከ"ላ" በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችዋ።

ስልክሽ ተበላሽቷል አልኳት። የጸሐፊዋን ስልክ አመጣች። የዘበኛውን አመጣች። ሦስቱም አንድ ቃል ተናገሩ። ዘበኛው አዘነልኝ፤ ወንበር አመጣልኝ።

ፒያኖውን ሳልነካ ወጣሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ቤቴ በእግሬ። ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። መጫሚያዬን ብቻ ሳይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ካፌ አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ለሙኒራ ደወልኩ። ሠላሳ ዓመት ውስጥ ቀርቼ የማውቀው እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው።

ጠዋት ቴፔንና ካሴቱን ይዤ ተመልሼ ቤዛ ዘንድ ሄድኩ። ሙዚቃውን ታውቀዋለች፣ መጽሐፉ አላት። በ"ላ" ነው የሚያልቀው፣ አልተሳሳትኩም። የባቡሩን መጨረሻ ከፒያኖዋ ጋር አስተያየነው። ባቡሩ "ሲ ቤሞል" ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ቤዛ ካሴቱን ወደ ስልኳ ቀዳችና ቀስ አደረገችው። ቀስ፣ ቀስ፣ ልክ "ላ" ላይ እስኪደርስ። ይተዉት፣ ያው ነው አለችኝ፤ ድሮ ካሴት የሚገለብጡባቸው ማሽኖች ሞተራቸው ይፈጥን ነበር፣ አባቴ ያወራል አለች። የሙዚቃ ቤቱ ማሽን። ሌላ ምንም አይደለም።

ባቡሩን በእውነተኛ ልኩ ሰማሁት። ደህና ተጫዋች ነው። ትንሽ ደክሞታል። ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ግን ታላቅነቱ በሙሉ እዚያች ኢምንት ውስጥ ነበር። ያ ብርሃን የሞተሩ ነው። በመሐል በመሐል ደግሞ ቄሱ በሚተነፍስበት ቦታ ይተነፍሳል። አንድ ሰው ይሆኑ? ይህን እንኳ ማሰብ አልፈልግም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ቀኑን ሙሉ ቤት።

ሁሉም ነገር ትዝ እያለኝ ነው፣ ደብተሬ። አንድ ሆቴል የሚሠራ ትራምፔት ነፊ ፒያኖህ ሰማይ ወጥቷል ብሎኝ ነበር። አንተ ነህ ምድር የወረድከው አልኩት፤ ሰው ሳቀለት። አንዲት ዘፋኝ፣ አንተ የቃኘኸው ቀን ጉሮሮዬ ይደማል አለች። ሲጋራ አቁሚ አልኳት። ሽቦ ሲበጠስ፣ ብዙ ሽቦ ተበጥሷል፣ የአዲስ አበባን ከፍታ አማረርኩ። አየሩ ቀጭን ነው፣ ፈረንጅ ይህን አስቦ አልሠራውም እላለሁ። ሰውም ያምነኛል። ከኔ ሌላ ማን አለና።

ያረጀ ፒያኖ ከልኩ በላይ ግማሽ ድምፅ ሲወጠር፣ ሁለት መቶ ሽቦ በአንዴ ብረቱን ሲስብ፣ በዓመት ሁለቴ፣ ለሃያ ዓመት። መጨረሻው ምን ይሆናል? ተማሪዬ ቢኖረኝና ብጠይቀው ሳያስብ ይመልስልኝ ነበር።

አንድ ነገር አልነገርኩህም። ያን ቀን፣ ብረቱ የተሰነጠቀ ዕለት፣ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ባለሙያ ተብዬ። ከፈትኩት፣ በባትሪ አየሁት። ይልማ በር ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል። አስካለ የተሰጣውን አንሶላ ሰብስባ ታቅፋለች። እርጥብ ነው፣ ቀሚሷን አርሶታል። ይልማ ሰምቶ እንዲፈርድ በፊቱ ጠየቀችኝ።

"ተካልኝ፣ ሙያው ያንተ ነው። ልብስ ብረት ይሰብራል?"

እርጥበት ክፉ ነው አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

የሹካዋን ነገር አላውቅም ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ግን ልብስ ብረት እንደማይሰብር አውቅ ነበር። ይህን ማንም ቃኚ ያውቃል። እርጥበት እንጨት ያሳብጣል፣ ሽቦ ያዝጋል፣ ብረት አይሰነጥቅም። አይሰብርም ብል ኖሮ የሚቀጥለው ጥያቄ ታዲያ ምን ሰበረው የሚል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ከልብሱ ሌላ ያን ፒያኖ የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህን አስቤ ነው ያልኩት? አስቤ አይደለም። ምላሴ ከኔ ቀደመ። ግን ለማን እንደቀደመ ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሄድኩ። ልነግረው ነበር። አልነገርኩትም።

ይልማ ጉንፋኔን አምኖ ነጭ ሽንኩርት ይዞልኝ መጥቷል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከገላን ድረስ። ለባቡሩ እንደምንም ተሟገትኩ። አፌ ላይ ገለባ ገለባ አለኝ። ዳኛዋ ነርስ ነበረች፣ ለኔ ፈረደች። ከስንት ጊዜ በኋላ አሸነፍኩ። ይልማ ደስ አይበልህ፣ ታመሃል ብላ ነው አለ።

ነጭ ሽንኩርቱ ጠረጴዛው ላይ አለ። አልበላውም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26። ማታ 1 ሰዓት

ግማሹን ተናገርኩ። ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት እንደሚከፋ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

ዳኛችን ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ ነበረች። ዶሮዋን ጠረጴዛ ሥር አስራ በሥርዓት ተቀመጠች። ይልማ ተነሳ፣ ነጠላውን አጣፋ። እኔ ቀደምኩት። ሙግት የለኝም አልኩ። የኔ ካሴት የተቀዳበት ማሽን ፈጣን ነው፣ ባቡሩ ባቡር አይደለም፣ እንደማንኛውም ሰው ነው። ተረታሁ።

ይልማ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ሙኒራን ለቤቱ ሁሉ ማኪያቶ አዘዛት። ሴትዮዋ እኔ መቼ ፈረድኩ ብላ ተቆጣች። ይልማ ሠላሳ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ይላል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ባለፉት አሥር ዓመታት እንደዚህ ሲደሰት አላየሁትም። ሂድ አለኝ ልቤ፣ እዚህ ላይ ጨርሰውና ወደ ቤትህ ሂድ።

አብረን ወጣን። ሳልጠብቅ ያ ሣር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሳሎኑ ላይ። ና ተቀመጥ፣ ዛሬ ቤቴ እንግዳ አለ አለኝ። ፀሐይ ነበር። ስለ ቄሱ አወራ፣ አንዲት ድምፅ ጥሎ ቀጣዩን ሳይነካ ስለሚቆየው ነገር፤ ታላቅ ሰው የሚታወቀው በሚተወው ነው አለ። እኔ እሺ እሺ እላለሁ። ከዚያ እንዲሁ እንደ ዋዛ ጠየቀኝ፤ ማሽኑ ፈጣን መሆኑን በምን አወቅህ?

ሹካዬን በስልክ ለክተውልኝ ነው አልኩት።

ከአፌ እንደወጣ ገባኝ። እሱ ግን ወዲያው አልገባውም። ጣቱን ጉልበቱ ላይ መታ መታ ያደርጋል፣ ለተማሪ ሰዓት እንደሚቆጥር። የሹካዋን ታሪክ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል ብዬህ አልነበር? ጣቱ ቆመ። አውቶቡሱ ያመልጠኛል ብሎ ተነሳ። አልጨበጠኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

አልመጣም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አልመጣም። ከ9 እስከ 11 ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የገባው ሰውዬ ደንባችንን ያውቃል፣ ዳኛ ነኝ ብሎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። የሚከሰስም የሚከስም የለም አልኩት። ሙኒራ እጇን እየጠረገች መጣች።

"ጋሼ፣ ሬዲዮውን ልክፈተው?"

ክፈቺው አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ገላን ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ። ይህን መንገድ ነው በሳምንት ሁለቴ ደርሶ መልስ የሚመጣው። ሁለት ሰዓት ቆሜ ተጓዝኩ፣ ወገቤ ተቆረጠ።

አራተኛ ፎቅ። በሩን ከፍቶ አየኝና አስገባኝ። ቤቱ ጠባብ ነው። ሳሎኑ መሐል ገመድ ተወጥሯል፤ ልብስ ተሰጥቷል። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ አንሶላ። ውሃው ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። የምቀመጥበት ወንበር ከአንሶላው ሥር ነበር። ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ላይ ጠብ ይላል። አልተንቀሳቀስኩም።

ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጠየቀኝ።

"በዚያች ሹካ ነው ስትቃኝልኝ የኖርከው?"

"በዚያች ሹካ።"

"መጀመሪያ እስከ መጨረሻ?"

"መጀመሪያ እስከ መጨረሻ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ለራሱ እንደሚያወራ ተናገረ፤ ያን ክረምት አስካለ ልብሱን ወጥ ቤት ልታሰጣው ሞክራ እንደነበረ፣ ጭስ ጭስ ይሸታል ብሎ ወደዚያ ክፍል ያስወጣት ራሱ እንደሆነ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ስትታመም አጠገቧ አልተኛም። የሞተች ዕለት ጠዋት ልጅቷ ገብታ ደህና ዋይ በላት ብትለው ጫማውን ሲያስር ቆየ። ሲገባ አልደረሰባትም። ይህን ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የነገረኝ። እኔ የማለቅስበት መብት እንደሌለኝ ስለማውቅ አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

ይቅርታ ልለው ስል እጁን አነሳ፣ አስቆመኝ። ዞረ።

"አንተ መሰከርክ፣ እኔ ፈረድኩ። እሷ ይግባኝ የምትልበት አልነበራትም" አለ። "እሑድ ሙት ዓመቷ ነው። መቃብሯ ላይ ትቆምና ቃልህን ታነሳለህ፤ እኔም ፍርዴን አነሳለሁ። ከዚያ በኋላ እኔና አንተ አንተዋወቅም።"

እሺ አልኩ።

ደረጃውን ስወርድ ትከሻዬ ርሷል። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ልጅ ቦታዋን ለቀቀችልኝ፤ ዝናብ አገኘዎት እንዴ አባባ ብላ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ቤዛ ደወለች። ከውጭ አገር ትክክለኛ ሹካ አስመጣልዎታለሁ አለች፣ በነፃ። አመስግኜ ዘጋሁ። ለየትኛው ፒያኖ?

የቃኘኋቸውን ስም ዝርዝር ልጽፍ ጀምሬ ነበር፣ ደውዬ ልነግራቸው። አሥራ አንድ ላይ ደርሼ አቆምኩ። አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ፒያኖዎቹም ባለቤቶቹም። ቤቶቹም።

የባቡሩን ካሴት ልሰብረው አነሳሁት። ምን አደረገ? ሰውዬው የሆነ አገር ቁጭ ብሎ እንደ አቅሙ ተጫውቷል። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 10 ሰዓት

ካፌ የመሄጃ ቀኔ ነበር። አልሄድኩም።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ። ትዕግሥት ደውላ አረጋገጠች። አባዬ ምን ሆኖ ነው እመጣለሁ ያለው ብላ ጠየቀችኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር። ነገ ትሰሚዋለሽ አልኳት። ነገ ከሰማች በኋላ እሷም ትጠላኛለች። በእጄ አቅፌ ያሳደግኳት ልጅ ናት።

ከትናንት ጀምሮ የምለውን እየጻፍኩ ነው። ከመሐልህ ሦስት ገጽ ቀደድኩ፣ አትቀየመኝ። በመጀመሪያው ላይ ስለ ሌባው ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ላይ ስለ ሙዚቃ ቤቱ ማሽን። በሦስተኛው ላይ አላወቅኩም ነበር የሚል ቃል አራት ጊዜ አለ። እሷ የጠየቀችኝ ስለ ሌባ አይደለም፣ ስለ ማሽንም አይደለም።

ወስኛለሁ። ሹካዋን አልይዝም። ይልማን አላየውም፣ መቃብሩን ነው የማየው። እንዲህ እላለሁ፦ አስካለ፣ ልብስ ብረት አይሰብርም። የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ይኸው ነው። አንድ መስመር አይሞላም። ግማሹን ደግሞ ያኔም አውቀው ነበር፣ አንሶላውን ታቅፋ ፊቴ ቆማ ስትጠይቀኝ፤ አይሰብርም፣ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ሊሰማት ጆሮውን ሰጥቶ ነበር።